ጡጫው ከኦሳካ፣ እርግጫው ከሞክፖ

9ኛ ወር፣ 3 ቀን፣ ቅዳሜ

ይህን የሚጽፈው ታክ ማንቦክ ራሱ ነው። በገዛ እጁ። ማንም አላገዘውም።

አርባ አራት ዓመት ሙሉ እርሳስ የያዝኩት በረዶ ላይ የመቁረጫ መስመር ለማስመር ብቻ ነበር። ዛሬ የማታ ትምህርቱን ጨርሼ ማኅተም ያለበት ወረቀት ተቀበልኩ። ክፍሉ ውስጥ አሥራ ዘጠኝ የዓሣ ገበያ ሴቶችና እኔ ነበርን። ከወንዶች አንደኛ ወጣሁ።

«አቶ ታክ፣ ከወንዶች እኮ ብቻዎን ነዎት» አለችኝ መምህርት ኢም።

አንደኛ ከተባለ አንደኛ ነው። ከስንት እንደሆነ ማን ይጠይቃል?

ይህን ደብተር የሰጠችኝም እሷ ናት። ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ስትቆጣ ግን መቶ ይሆናታል። «በየጊዜው ይጻፉበት። ካልጻፉ ፊደሉ ጥሎዎት ይሄዳል» አለችኝ። ምን ልጻፍ ብላት «እውነቱን» ብላ ወደ ሴቶቹ ዞረች።

እንግዲህ እውነቱ ይህ ነው። ቀን ቀን ወደቡ ዳር ባለው የበረዶ ፋብሪካ በረዶ እሰነጥቃለሁ። ማታ ማታ፣ ድሮ የዓሣ መረብ ይሰቀልበት በነበረው ሰፊ መጋዘን ቴኳንዶ አስተምራለሁ። አሥራ ሁለት ዓመቴ። ሃያ ሦስት ተማሪዎች አሉኝ፤ የፋብሪካ ሰዎች፣ ተሸካሚዎች፣ ሁለት ፀጉር አስተካካዮችና አንድ ፖሊስ። ፖሊሱን ሁለት ጊዜ ጥዬዋለሁ። በሞክፖ ወደብ ከእኔ የበለጠ ጡጫ ያለው ሰው ካለ እስካሁን አልተዋወቅንም።

ጥበቡን ከጂሪ ተራራ መነኩሴ ሰባት ክረምት ተምሬያለሁ። ለተማሪዎቼ የነገርኳቸው እንዲህ ነው።

9ኛ ወር፣ 7 ቀን

ከቴኳንዶ ማኅበሩ ደብዳቤ መጣ። ድሮ ቢሆን ለጉ ቦንግማን ሰጥቼ «መነጽሬን ረሳሁ፣ አንብብልኝ» እል ነበር። ጉ የመጀመሪያ ተማሪዬ ነው፤ አንድ ሙሉ የበረዶ ብሎክ በጀርባው ተሸክሞ ደረጃ የሚወጣ ሰው። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ መነጽር የሌለኝ መሆኑን አላስተዋለም።

ዛሬ ራሴ አነበብኩት። ቆሜ ጀመርኩ፣ ተቀምጬ ጨረስኩ። አንዷ ቃል ብቻ ሦስት ብሎክ በረዶ የመሰንጠቅ ያህል አደከመችኝ።

እንዲህ ይላል። ማንኛውም አሰልጣኝ በ11ኛው ወር በ20ኛው ቀን ጓንግጁ ቀርቦ መፈተን አለበት። አንደኛ፣ ባላጋራ ሳይኖር ብቻን የሚሠራውን አዲሱን የእንቅስቃሴ ተርታ፣ ፑምሴ የሚሉትን ያሳያል። ሁለተኛ ይጋጠማል። ሦስተኛ፣ «የቴኳንዶና የካራቴ ልዩነት» በሚል ርዕስ ይጽፋል። የወደቀ ሰው የማሠልጠኛ አዳራሹን ምልክት ያወርዳል፤ ተማሪዎቹም ማኅበሩ ለሚልከው አሰልጣኝ ይተላለፋሉ።

ይጽፋል።

ደብዳቤውን አጥፌ ኪሴ ከተትኩት። ለሚስቴ «ሰላምታ ነው» አልኳት።

9ኛ ወር፣ 8 ቀን

በችኮላ። ለተማሪዎቹ ነገርኳቸው። ጉ «መምህር፣ ያልፋሉ?» አለኝ። «እኔ የምሄደው ለመፈተን አይደለም፤ ፈታኞቹን ልፈትን ነው» አልኩት። ሳቁ። መርከብ ገብቷል፣ በረዶ ይፈለጋል።

9ኛ ወር፣ 14 ቀን

ማኅበሩ የሚልከው ሰው ከወዲሁ መጣ። ፕዮ ይባላል። ሃያ ስድስት ዓመቱ፣ ፀጉሩ በቅባት የተለሰነ፣ በር ላይ ጫማውን ሲያወልቅ እንኳ ሰው ቆሞ የሚያየው ዓይነት።

«ጋሼ፣ ሲሠሩ ልይ?» አለ።

«እይ፤ ዓይን አይከፈልበትም» አልኩት።

ጥግ ላይ ተንበርክኮ ሁሉን አየ። ሲያበቃ ወደ እኔ ጠጋ ብሎ፣ ተማሪዎቹ እንዳይሰሙ የፈለገ መስሎ ግን እንዲሰሙ አድርጎ፣ «ጋሼ፣ አይቀየሙኝና ይሄ ካራቴ ነው። የእኛን ስም ያወጡለት ካራቴ» አለኝ።

«ከምኑ አወቅከው?»

«አቋቋማችሁ ዝቅ ያለ ነው፤ መሬቱ እንዳይጠፋባችሁ የፈራችሁ ትመስላላችሁ። እጅ፣ ደግሞ እጅ፣ ደግሞ እጅ። እግር ትዝ ሲላችሁ ብቻ ነው። በቴኳንዶ እግር ይቀድማል።»

«እግሩ የሚቀድም ሰው የሚሸሽ ሰው ነው» አልኩት።

ሁሉም ሳቀ። እሱም ሳቀ። ከዚያ ከቆመበት ሳይንደረደር ብድግ አለና የድሮው የመረብ መስቀያ ላይ የተንጠለጠለውን የጉን ፎጣ በእግሩ ጫፍ አወረደው። ያ መስቀያ ከእኔ ራስ በላይ ሁለት ክንድ ነው። ከዚያ በኋላ የሳቀ የለም።

በረዶ አምጡ አልኩ። አንድ ስንዝር ውፍረት ያለውን በአንድ ጡጫ ከሁለት አደረግኩት። ጭብጨባው ለእኔ ነበር የደመቀው። ትንሿ ጣቴ እስካሁን አልታጠፈችም፤ ይህ ግን ለደብተሩ ብቻ ነው።

9ኛ ወር፣ 15 ቀን

ካራቴ ነው አለኝ። በተማሪዎቼ ፊት።

መነኩሴው ምን ይል ነበር ብዬ አሰብኩ። እንደ ሞኝ።

9ኛ ወር፣ 20 ቀን

ከኖ ሳንግቺል ጋር የሩዝ ጠላ ጠጣን፤ አፍንጫ የሚሰነጥቅ የተብላላ ዓሣም በላን። ኖ ያለኝ አንድ የድሮ ወዳጅ ነው። እሱም ባቡር ጣቢያው አጠገብ አዳራሽ ነበረው፤ ባለፈው ዓመት ዘጋው።

ገና ሳልቀመጥ «መነኩሴው ደህና ነው?» አለኝ። ባገኘኝ ቁጥር የሚጠይቀኝ ይህን ነው።

«ይሰግድልሃል» አልኩት።

ስለ ፈተናው ነገርኩት። አልስቅም ብሎ አፉን በእጁ ያዘ። «ስማ ማንቦክ። አንተ ስለ ካራቴ ልዩነት ልትጽፍ ነው? እኔና አንተ ካራቴን የት እንደተማርን የሚያውቀው ያ የበርሜል ግቢ ብቻ ነው።»

«ቀስ በል፣ ሰው ይሰማል።»

«ይስማ። የሞተ ሰው አስተምሮኛል ማለት ምን ያሳፍራል?»

«መሞቱን በምን አወቅክ?»

ዓሣውን ወደ እኔ ገፋ አደረገልኝ።

ደብተሩ የእኔ ስለሆነ ልጻፈው። በአሥራ ስድስት ዓመቴ ጃፓን፣ ኦሳካ ሄጄ በመርከብ ጥገና ሠርቻለሁ። ኮርያዊን የሚያስገባ አዳራሽ አልነበረም። አንድ የኦኪናዋ ደሴት ሰው ግን፣ ጊቦ የሚባል በርሜል ሠሪ፣ በጓሮው አስተማረን። እኔን፣ ኖን፣ ሌሎችም ነበሩ። የጓሮው ጣሪያ ዝቅ ያለ ስለነበር ቀና ያለ ሰው ግንባሩን ይመታል። ሰፈሩ እሱንም «የደሴት ሰው» እያለ ይንቀው ነበር። ካሠለጠነን በኋላ ስኳር ድንች እየቀቀለ ያበላን ነበር። ሰባት ዓመት። ክረምቱ ብቻ አልነበረም፤ በጋውንም ጭምር።

ከጃፓን ነፃ ወጥተን ስንመለስ «ከማን ተማርክ?» ሲሉኝ የጃፓን ስም ከአፌ ማውጣት አልሆነልኝም። የተራራ መነኩሴ አልኩ። ያኔ ሁሉም መነኩሴ ነበረው።

በቃ።

9ኛ ወር፣ 29 ቀን፣ የመኸር በዓል

ለሙታን ማዕድ አቀረብን። ሚስቴ እንደ ወትሮው አባቴ፣ እናቴና ታላቅ ወንድሜ ፊት ጽዋ አኖረች። ከዚያ በማዕዱ ጫፍ፣ ከፍሬው አጠገብ፣ አራተኛ ጽዋ አስቀመጠች።

«ይሄ የማን ነው?» አልኳት።

«የማልሱክ አባት፣ አንተ ታውቃለህ።»

ማልሱክ ልጃችን ነች፤ ካገባች ሁለት ዓመት ሆናት። ሚስቴም በዚያው በኦሳካ ሰፈር ነው ያደገችው። የበርሜል ግቢውን ታውቃለች። ስለ መነኩሴው በእንግዳ ፊት ሳወራ አንድ ቀን እንኳ ሐሰት ነው ብላኝ አታውቅም። አንድ ጊዜ ብቻ፣ እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ፣ «ኮረብታው ላይ ያለው ገበያ ስንሄድ እንኳ ትንፋሽ የሚያጥርህ ሰው፣ ጂሪን እንዴት ወጣኸው?» አለችኝ።

ጽዋውን አላነሣሁትም። ሰግጄ ተነሣሁ።

10ኛ ወር፣ 8 ቀን

አዲሱ ፑምሴ ገደለኝ። ሥዕል ያለበት መጽሐፍ ገዝቼ ራሴ እያነበብኩ ነው የምማረው፤ ይህን ሞክፖ ውስጥ ማን ያደርገዋል? ጭንቅላቴ ሁሉን ያውቀዋል። እግሬ ግን አይሰማም። ቀጥ ብለህ ተራመድ ስለው መሬት ለመሬት እንደ ማጭድ ይዞራል። ቁመትህን ጠብቅ ስለው ይንበረከካል። ሰላሳ ዓመት ያሳደግኩት እግር ነው፤ አሁን አላውቅህም አለኝ።

ሌላው ነገር የባሰ ነው። ለተማሪዎቹ እየቆጠርኩ ነበር። በእኛው ቋንቋ «ሃና፣ ዱል፣ ሴት»፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያልኩ ሞቅ ሲለኝ፣ ሰውነቴ ላብ ሲያወጣ፣ «ሺ፣ ጎ፣ ሮኩ» አልኩ። በጃፓንኛ። ያውም ጮክ ብዬ። ደንግጬ ቆምኩ። ተማሪዎቹ ግን እርግጫቸውን ቀጠሉ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ።

ጉን በኋላ ጠራሁት። «ስቆጥር ምን ሰማህ?»

«ቁጥር» አለኝ።

ደህና። አልሰሙኝም ማለት ነው።

10ኛ ወር፣ 17 ቀን

ጽሑፌን ወደ ማታው ክፍል ይዤ ሄጄ ለመምህርት ኢም አሳየኋት። ሦስት ገጽ። እንዲህ ይጀምራል፦ «ካራቴ የሌባ ጥበብ ነው፤ ቴኳንዶ የንሥር። የካራቴ ሰው አጎንብሶ በኪስህ ይገባል፤ የቴኳንዶ ሰው ከደመና ይወርድብሃል። ይህን ያስተማረኝ የጂሪ ተራራ መነኩሴ ሲሆን በዕድሜው መቶ ሃያ…»

ቀይ እርሳሷን ይዛ ሁሉን አነበበች። አንድ ቦታ ብቻ አሰመረች።

«ፊደልዎ በጣም ተሻሽሏል» አለችኝ።

«ተሻሽሏል አይባልም፤ አምሯል በይ።»

«አምሯል። መነኩሴው ስማቸው ማን ነበር?»

አፌን ከፈትኩ። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ስለዚህ ሰው ሳወራ፣ ጢሙን ስገልጽ፣ ሳሉን ስስል፣ ስም አላወጣሁለትም። ማንም ጠይቆኝ አያውቅማ።

«ረሳሁት» አልኳት።

«ሰባት ክረምት ያስተማረዎትን ሰው?»

ከኋላ ወንበር አንዷ ዓሣ ሻጭ፣ እኔን ለመርዳት ነው መሰለኝ፣ «መነኩሴ እኮ ስም የለውም፣ ሁሉም መነኩሴ ነው የሚባለው» አለች። ሴቶቹ ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። ወደ ቤት ስመለስ ግን ሁለት ጊዜ መንገድ ሳትኩ፤ የተወለድኩበትን መንገድ።

10ኛ ወር፣ 30 ቀን

ሁለት መርከብ። አሥራ አንድ ሰዓት ቆሜ ሰነጠቅኩ። ፑምሴ አልሠራሁም። ጽሑፍ አልጻፍኩም። ፕዮ ትናንት መጥቶ አዳራሹን በእርምጃ ሲለካ ነበር አሉ። ጉ «ምን ፈለግህ?» ቢለው «መስታወት የት እንደሚሰቀል እያየሁ ነው» አለው። በእኔ ግድግዳ ላይ።

11ኛ ወር፣ 6 ቀን፣ እሑድ

የክረምት ኪምቺ ቀን፣ ጎመን በጨውና በበርበሬ የሚዘፈዘፍበት። ሚስቴና ጎረቤቶቹ ግቢውን በጎመን ሞሉት። እኔ ጨው አቀባይ ሆንኩ፤ የተሰነጠቀው እጄ ጨው ሲነካው የምሠራውን ፑምሴ ፈታኞቹ ቢያዩት ያኔውኑ ባሳለፉኝ።

ለማምለጥ አዳራሽ ሄድኩ። ጉና ሁለቱ ፀጉር አስተካካዮች ወረቀት የታሰረባትን ሳንቲም በእግር እያነጠሩ ይጫወቱ ነበር፤ ልጆች ሆነን ሁላችንም የተጫወትነውን። ጉ ያ ተራራ የሚያህል ሰውነቱ በአንድ እግር ቆሞ ሳንቲሟን አርባ ጊዜ አነጠራት። ከዚያ ወደ ላይ ወረወራትና በሌላኛው እግሩ፣ ከራሱ በላይ፣ መታት።

በር ላይ ቆሜ ቀረሁ። «ይህን እርግጫ ማን አስተማረህ?» አልኩት።

«እርስዎ።»

«እኔ እንዲህ ያለ አላስተማርኩህም።»

«ታዲያ ሲያዩኝ አልከለከሉኝም።»

እውነቱን ነው። የጊቦ ጣሪያ ዝቅ ያለ ነበር፤ እግር ወደ ላይ ሲሄድ ምሰሶ ይመታል። ይህ መጋዘን ግን መረብ ለመስቀል የተሠራ ነው፣ ከላይ ባዶ ሰማይ ነው። የተማሪዎቼ እግር በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ ከፍ ሲል እያየሁ ዝም ብያለሁ። መጀመሪያ ስንፍና መስሎኝ፣ ኋላ ደግሞ ስላማረኝ። ራሴ በድብቅ ከእነሱ እየቀዳሁ ሞክሬያለሁ። መምህር ከተማሪው ሲሰርቅ ሌብነት ይባላል?

ወደ ጎመኑ ተመልሼ ሄድኩ። ሚስቴ «ፊትህ ምን ሆነ?» አለችኝ። ጨው ነው አልኳት።

11ኛ ወር፣ 14 ቀን

ስድስት ቀን ቀረ። ፑምሴ አንድ ጊዜ ያለ ስህተት። አንድ ጊዜ ብቻ። ግን አንድ ጊዜ።

11ኛ ወር፣ 19 ቀን

ነገ። የሌባና የንሥሩን ጽሑፍ በቃሌ አጥንቼዋለሁ፤ ለመነኩሴውም ስም አውጥቼለታለሁ። ኖ ባቡር ጣቢያ ድረስ ሸኘኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ መነኩሴው አልጠየቀኝም። «ጀርባህን ቀና አድርግ፣ የእሱ ተማሪ እንደነበርክ ይታወቅ» ብቻ አለኝ። የማን እንደሆነ አልጠየቅኩትም።

11ኛ ወር፣ 21 ቀን

ሁሉንም ካልጻፍኩት እፈነዳለሁ።

አርባ አንድ ሰው ነበርን። አብዛኞቹ ፕዮን የሚመስሉ፤ ወደ አሥራ አምስት የምንሆነው እኔን የምንመስል፣ ሆድና ሽበት ያለን። ፕዮ ራሱ ተፈታኝ አልነበረም፤ ወረቀት ያድል ነበር። ሲያየኝ ጎንበስ ብሎ ሰላም አለኝ። ደግ ነው ልበል? አልልም።

ፑምሴ ሠራሁ። አንድ ቦታ እግሬ እንደ ማጭድ ዞረብኝ። ሌላው ደህና ነበር። ደህና ሳይሆን ግሩም ነበር፤ ግን ፈታኞቹ ፊታቸው እንደ በረዶ ነው።

ግጥሚያ። ሃያ ስምንት ዓመት የሆነው ልጅ ሰጡኝ። ገና ሰላምታ ሳንጨርስ እግሩ ጆሮዬ ላይ ነበር፤ ጆሮዬ ዛሬም እንደ ዓሣ ገበያ ይጮኻል። ሁለተኛውን እርግጫ ግን ገባሁበት። ተጠግቼ ጡጫዬን ቀበቶው ላይ አሳረፍኩ፣ ሳልገፋ፣ ልክ በር እንደማንኳኳት። ተቀመጠ። ለምን እንደተቀመጠ እሱም አልገባውም። የጊቦ ጡጫ እንዲህ ነው።

ከዚያ ዋናው ፈታኝ፣ ፀጉሩ ሙሉ ለሙሉ የነጣ ሰው፣ ሁላችንንም በአራት ረድፍ አቆመን። «ድምፅ ያለው ሰው ይቁጠር። ሃያ እርግጫ» አለ። ወደ እኔ ጠቆመ። የበረዶ መጋዝ ላይ የሚጮህ ሰው ድምፁ ያስታውቃል።

«ሃና፣ ዱል፣ ሴት…» አልኩ። አርባ አንድ እግር በአንድ ላይ ይነሣል፣ ወለሉ ይንቀጠቀጣል። ደስ አለኝ። ሞቀኝ። አሥር ደረስኩ። ሁለተኛውን አሥር ስጀምር አፌ እኔን ሳይጠይቅ «ኢቺ፣ ኒ፣ ሳን» አለ።

በጓንግጁ። በፈታኞች ፊት። በካራቴ ቋንቋ።

ማቆም ነበረብኝ። አላቆምኩም፤ ካቆምኩ እግሩም ይቆማል። ያየሁት ነገር ይህ ነው፦ ወጣቶቹ ግራ ገብቷቸው አንድ እግራቸውን አንጠልጥለው ቀሩ። እኛ ሽማግሌዎቹ ግን አንድም ሰው አልተደናቀፈም። አሥራ አምስት እግር፣ ከየአዳራሹ የመጣ፣ ከየመነኩሴው የተማረ፣ ልክ በቦታው ተነሣ። «ሺ» ስል ተነሣ፣ «ጎ» ስል ተነሣ። ወደ ፈታኞቹ ጠረጴዛ አየሁ። የዋናው ፈታኝ ከንፈር ይንቀሳቀስ ነበር። «ሮኩ» አለ። ድምፅ የለውም፤ ከንፈሩ ግን አለ።

ሃያ ደረስን።

ዋናው ፈታኝ ጉሮሮውን ጠረገ። «አንድ ጊዜ ደግሞ» አለ። «አሁን በራሳችን ቋንቋ።»

በኮሪደሩ አንድ ከዮሱ ከተማ የመጣ አዛውንት ጠጋ ብሎኝ «ወንድሜ፣ የአንተ መነኩሴ የየትኛው ተራራ ነው?» አለኝ።

«የጂሪ። የአንተስ?»

«የሶራክ። ውርጩ አይጣል ነበር» አለኝ። ተያየን። ግድግዳ ይዘን እስክናለቅስ ሳቅን። ፕዮ በር ላይ ወረቀት ይዞ ቆሞ ያየን ነበር።

ጽሑፉ ላይ ተቀመጥን። እርሳሴን ቀረጽኩ። ሌባው፣ ንሥሩ፣ ባለ አዲስ ስሙ መነኩሴ፣ ሁሉም ራሴ ውስጥ ተሰልፈው ነበር። የመጀመሪያውን መስመር ጻፍኩና ሰረዝኩት። ከዚያ ይህን ጻፍኩ፤ ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ፣ እያንዳንዱ ቃል ዋጋ አስከፍሎኛልና፦

«ጡጫን ያስተማረኝ ጊቦ የሚባል የኦኪናዋ ሰው ነው፣ በኦሳካ፣ በበርሜል ጓሮ። ጣሪያው ዝቅ ያለ ነበር። ስለዚህ የእኛ ካራቴ ዝቅ ያለ ነው፣ መሬቱን በደንብ ይይዛል፣ ኃይሉን ከተረከዝ ወስዶ በወገብ አሳልፎ ለቡጢ ይሰጣል። ካራቴ ሌባ አይደለም። ለብዙ ዓመት ሌባው እኔ ነበርኩ፤ የእሱን ጥበብ ወስጄ ስሙን ጥያለሁ።

አገሬ ስመለስ ያንኑ አስተማርኩ። የማስተምርበት መጋዘን ግን ጣሪያው ሩቅ ነው፤ ተማሪዎቼም በልጅነታቸው ወረቀትና ሳንቲም በእግር ያነጠሩ ናቸው። እግራቸው ራሱ ወደ ላይ ሄደ። አቋቋማቸው ቀጥ አለ፣ ምክንያቱም ዝቅ ያለ ሰው ከፍ አድርጎ አይመታም። እጃቸው መጠበቂያ ሆነ፣ እግራቸው መናገሪያ ሆነ። እኔ አላስተማርኳቸውም። ከእነሱ ተማርኩ።

ካራቴ ቆሞ ይጠብቅሃል፤ ቴኳንዶ ርቀቱን ራሱ ይቆርጠዋል። የቱ ይበልጣል ብትሉኝ፣ ከሩቅ የመጣብኝን በእግር፣ የተጠጋኝን በእጅ እላለሁ። ጡጫውን ከባሕር ማዶ አመጣሁት፤ እርግጫውን ግን እዚሁ አገኘሁት። ልዩነቱ ይህ ነው። እኔ የማውቀው ይህን ያህል ነው።»

ከአርባ አንዱ የመጨረሻው ሆኜ ወረቀቴን ሰጠሁ። የተቀበለኝ ፕዮ ነው። ሳያነበው አልቀረም፤ ዓይኑ ወርዶ ሲመለስ አይቻለሁ።

በባቡሩ ስመለስ አዳራሹን እንዳጣሁት ቆጠርኩት። ያም ሆኖ ራሴን ልሳደብ ብል አፌ እምቢ አለኝ።

11ኛ ወር፣ 22 ቀን

ውጤቱ ከመምጣቱ በፊት ከሌላ ከሚሰሙት ብዬ ሃያ ሦስቱንም አንበርክኬ ነገርኳቸው። መነኩሴ የለም፣ ተራራ የለም፣ ጊቦ የሚባል ሰው ነው፣ በርሜል ሠሪ ነው። ለመሄድ የሚፈልግ ይሂድ አልኩ።

ማንም አልተንቀሳቀሰም። በመጨረሻ ጉ «መምህር፣ አይቆጡ» አለ።

«ተናገር።»

«እኛ እኮ እናውቃለን። መነኩሴ በጃፓንኛ አይቆጥርም።»

«እያወቃችሁ ነው አሥራ ሁለት ዓመት ዝም ያላችሁት?»

«ታሪኩ ደስ ይላል» አለ ፖሊሱ። «በተለይ ነብሩ የመጣበት ቀን።»

ነብሩን ረስቼው ነበር። እውነትም ጥሩ ቦታ ነበረች።

«መነጽሩንስ?» አልኩት ጉን፣ ቀስ ብዬ።

ጉ መሬት መሬት አየ። «እሱንም» አለ።

12ኛ ወር፣ 2 ቀን

ፕዮ በልምምድ ሰዓት መጣ፤ በእጁ የታሸገ ፖስታ ይዟል። ልብሱን የያዘ ሻንጣም ይዟል። ሻንጣውን ሳይ በእኔ ቦታ ሊገባ ነው አልኩ። ኖ የሰማው ነገር ይኖር ይሆን፣ በር ላይ ቆሟል። ሚስቴም ከጎኑ፣ እጇ በርበሬ እንደነካ።

ፕዮ ሊከፍተው ሲል «ስጠኝ» አልኩት። «ማንበብ እችላለሁ።»

ተማሪዎቼ ፊት ቆሜ፣ ጮክ ብዬ፣ አንድም ቃል ሳልዘል አነበብኩ። መዝለል አማረኝ፤ አልዘለልኩም።

«ታክ ማንቦክ፣ ሞክፖ። ፑምሴ፦ ያልፋል፤ እግሩ ይታረም። ግጥሚያ፦ እጅግ ጥሩ። ጽሑፍ፦ የእጅ ጽሕፈቱ ያስቸግራል። ሆኖም ከአርባ አንዱ ተፈታኞች የተጠየቀውን የመለሰ ይህ አንድ ሰው ነው። የአራተኛ ዳን ማዕረግ ተሰጥቶታል። አዳራሹ በስሙ ይጽና።»

ጉ እንደ ልጅ አነሣኝ። ፖሊሱ ያፏጫል። ሚስቴ በርበሬ በነካ እጇ ዓይኗን ልትጠርግ ስትል ኖ ክንዷን ያዘላት። የተነሣሁት ከፍ ብዬ ስለሆነ የመረብ መስቀያውን ነካሁ፤ በእግር ባይሆንም ነካሁት።

ጉ ሲያስቀምጠኝ ፕዮን «ሻንጣው ታዲያ ለምንድነው?» አልኩት።

አፈረ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያፍር አየሁት። «ጋሼ፣ ያ የተቀመጠው ልጅ፣ ግጥሚያው ላይ… ያንን ጡጫ ልማር ብዬ ነው። በሳምንት ሁለት ቀን ከጓንግጁ እመላለሳለሁ።»

ተማሪዎቼን አየኋቸው። ትንፋሻቸውን ይዘው ይጠብቁኛል፤ ምን ዓይነት መልስ እንደምሰጥ ያውቃሉ።

«ከኋላው ረድፍ ቁም» አልኩት። «እግሩን አንተ ታስተምራቸዋለህ። መስታወት ግን አይሰቀልም።»

12ኛ ወር፣ 3 ቀን፣ ቅዳሜ

ከፖስታው ጋር መዝገብ ነበር፤ የአዳራሹ ሰዎች ስም ለማኅበሩ ይላካል። ጉ «እኔ ልጻፍልዎት?» ቢለኝ በዓይኔ አባረርኩት።

አንደኛው ዓምድ ስም፣ ሁለተኛው ዕድሜ፣ ሦስተኛው «ያስተማረው ሰው» ይላል። ሃያ ሦስት ጊዜ ታክ ማንቦክ፣ ታክ ማንቦክ፣ ታክ ማንቦክ እያልኩ ከላይ እስከ ታች ሞላሁት። ስሜ ተደርድሮ ሲታይ እንዲህ የሚያምር አይመስለኝም ነበር። ሁለተኛው ላይ ትንሽ አጣምሜዋለሁ፤ ሃያኛው ላይ ግን የቤተ መንግሥት ጸሐፊ ሆኛለሁ።

ከዚያ የራሴ መስመር መጣ። ስም፦ ታክ ማንቦክ። ዕድሜ፦ አርባ አራት። በሦስተኛው ዓምድ ላይ እርሳሱን በብዕር ቀየርኩት፣ እንዳይለቅ። ጊቦ፣ በርሜል ሠሪ፣ ኦሳካ ብዬ ጻፍኩ።

ቀለሙ እስኪደርቅ ነፋሁበት።